ሻጋታ በየቀኑ እንተነፍሳለን፤ ታዲያ ለምን አንታመምም? ስለ ሳንባና ስለ ፈንገስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር ሲጋመስ የወሎ አየር ይለወጣል። ቆላው ላይ፣ ቆቦና ሮቢት አካባቢ፣ ማሽላው ይቆረጣል። ደጋው ላይ ስንዴና ገብስ ይወቃል። ከዚያ ሳሉ ይከተላል። የምሠራው ደሴ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ አክታና ደም መመርመር ነው። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ግን ስለ ሳል መጠየቄ አይቀርም። አንዱ «የእህል ብናኝ ሳንባ ይበላል ወይ?» ይለኛል። ሌላዋ የሻገተ እንጀራ በፌስታል ቋጥራ ትመጣለች። ጥያቄዎቹ ስለተደጋገሙ መልሱን አንድ ቦታ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እውነት ሻጋታ በየቀኑ እንተነፍሳለን?

አዎ። ይህን ስታነቡም እየሳባችሁት ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። አየሩ ውስጥ የፈንገስ ዘር አለ። በሙያው «ስፖር» ይባላል፤ እኔ ግን ዘር ነው የምለው፣ ሥራው መብቀል ስለሆነ። ለሳንባ በጣም የሚያሳስበው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው ሻጋታ ነው። የእሱን ዘር ብቻ በቀን በመቶዎች እንደምንስብ ይገመታል።

ከየት ይመጣል? በደሴ ብርድ፣ ማለዳ ላይ፣ የፍግ ክምር ሲጨስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ እሳት አይደለም። ክምሩን የሚያበሰብሱት ደቂቅ ነፍሳት የሚያወጡት ሙቀት ነው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ እዚያ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ፈንገሶች የሰውነታችንን 37 ዲግሪ አይችሉትም። ሙቀታችን ራሱ አጥር ነው። ይኼኛው ግን 50 ዲግሪ የለመደ ነው። የእኛ ሙቀት ለእሱ ለብ ያለ ውሃ ነው።

ምን ይመስላል?

አንድ ጊዜ መሶብ ውስጥ አራት ቀን የተረሳ እንጀራ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አገኘሁ። ስኮች ለጥፌ አነሳሁት፤ መስታወት ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ቀጭን ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያበጠ ራስ አለው። ከራሱ ላይ ዘሮቹ እንደ ዶቃ ተሰካክተው ወጥተዋል። በ1729 ጣሊያናዊው ቄስ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ይህን ቅርጽ ሲያይ የቤተ ክርስቲያኑ ጠበል መርጫ ትዝ አለው። አስፐርጊለስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኔን ደግሞ የዝንብ ማባረሪያ ጭራ ነው ያስታወሰኝ። የአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ አንድ ዘር ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። አንድ ሚሊሜትር ላይ 400 ያህሉ ይደረደራል።

ታዲያ ሁላችንም ለምን አንታመምም?

ሰውነት በር በበር ስለሚጠብቅ። የመጀመሪያው በር አፍንጫ ነው። ልጅ ሆኜ አውድማ ውዬ ስመለስ እናቴ ገና ከበር «ና ተናፈጥ» ትለኝ ነበር። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነው። ያኔ አፍር ነበር። አሁን ሳስበው አፍንጫዬ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ነበር።

ከአፍንጫ ያለፈው የአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ግድግዳው በቀጭን ንፍጥ የተለበጠ ነው። ከንፍጡ ሥር በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይወዛወዛሉ። ሁሉም የሚገፉት ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ነው። ከዚያ ወይ እንተፋዋለን፣ ወይ ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የተዋጠውን የሆድ አሲድ ይረከበዋል። ስንተኛም ሥራው አይቆምም።

እነዚህን ፀጉሮች የሚያሽመደምዳቸው ጭስ ነው። የሲጋራም፣ የኩበትም፣ የእርጥብ እንጨትም። ጢስ በሞላበት ማድቤት ውስጥ ሃያ ዓመት እንጀራ የጋገረች እናት የበሯ ዘበኛ ደክሟል። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል የሚባለው ሳንባ ላይም ይሠራል።

ሾልኮ ሳንባው መጨረሻ የደረሰውስ?

ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙው ይሾልካል። ሳንባ መጨረሻ ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉ። እዚያ ፀጉር የለም። ወፍራም ንፍጥም የለም፤ ቢኖር ኦክስጅን ወደ ደም አያልፍም ነበር። ስለዚህ ጥበቃው በሌላ ተተክቷል። ማክሮፌጅ የሚባል ትልቅ ሴል ከረጢቱ ግድግዳ ላይ እየዳኸ ይዞራል። አቧራ ይሁን ባክቴሪያ፣ ያገኘውን ይውጣል። ከረጢቱን የሚያረጥበው ፈሳሽ ውስጥም ፕሮቲኖች አሉ። ዘሩ ላይ ይለጠፉና ለማክሮፌጁ ለመያዝ ያመቻቹታል።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ዘሩ ሲገባ ጋቢ ተከናንቦ ነው። ላዩ ውሃ በማያስገባ ፕሮቲን የተሸፈነ ነው። ከሥሩ ሜላኒን የሚባል ጥቁር ቀለም አለ። እንዲህ ተከናንቦ ሳለ የሰውነት መከላከያው በደንብ አይለየውም። በ2009 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ያንን ሽፋን ሲያነሱበት፣ ድምፁን አጥፍቶ የነበረው ያው ዘር መከላከያውን ቀሰቀሰ።

ችግሩ፣ ጋቢ ተከናንቦ መብቀል አይቻልም። ዘሩ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያብጣል። ለጠላ የተዘፈዘፈ ብቅል አስቡ፤ መጀመሪያ ይነፋል፣ ከዚያ ይጎነቁላል። ዘሩ ሲነፋ ጋቢው ይቀደዳል። ከሥሩ ቤታ ግሉካን የሚባል ከስኳር የተሠራ ግድግዳ ብቅ ይላል። ማክሮፌጁ ላይ ዴክቲን-1 የሚባል መዳሰሻ አለ፤ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሰው ሴል ቤታ ግሉካን አይሠራም። ስለዚህ ቤታ ግሉካን የነካ ማክሮፌጅ የያዘው እንግዳ እንደሆነ አይጠራጠርም። ይውጠዋል፣ በአሲድና በመርዝ ይፈጨዋል። ለሌሎቹም ጥሪ ያሰማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁሌም የሚገርመኝ ሰዓቱን መጠበቁ ነው። ዝም ብሎ በተኛ ዘር ሁሉ ላይ ሰውነት ጦር ቢያዘምት ሳንባችን ከጠዋት እስከ ማታ ያበጠ ይሆን ነበር። ስለዚህ ዘሩ አብጦ ራሱን እስኪገልጥ ይጠብቃል።

ማክሮፌጁ ካመለጠውና ከበቀለስ?

ያን ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። ዘሩ ክር ያወጣል። ክሩ ከማክሮፌጁ ይረዝማል፤ አይዋጥም። ማክሮፌጁ የጠራቸው ኒውትሮፊሎች የሚፈለጉት ለዚህ ነው። ኒውትሮፊል የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። መቅኔያችን በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል። ከደም ወጥተው ሳንባ ውስጥ ይገባሉ። ክሩን ከበው ይለጠፉበታል። ኦክስጅንን ወደ መርዝ ቀይረው ይረጩበታል። ፈንገሱ ለማደግ የሚፈልገውን ብረትና ዚንክ ይደብቁበታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሆዳቸውን ቀደው የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይዘረጉበታል። ይህ መረብ የታወቀው በቅርብ ነው፣ በ2004። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሲማሩ ያደጉ ነው የሚመስለው።

መርዙ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የምናውቀው ከታመሙ ልጆች ነው። ኒውትሮፊላቸው በቁጥር ሙሉ ሆኖ መርዙን መሥራት የማይችል ልጆች ይወለዳሉ። ጥቂት ናቸው፤ ችግሩ በዘር የሚወረስ ነው። ለእነዚህ ልጆች የሻገተ ገለባ ማራገፍ ብቻ ሕይወት የሚያሳጣ የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሌላው ልጅ እዚያው ገለባ ላይ ሲንደባለል ውሎ እራቱን በልቶ ይተኛል።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መርዙ አያንሳቸውም፤ የሚያንሳቸው ራሱ ኒውትሮፊሉ ነው። ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ብዙ ቀን ከቆየ ሐኪሞች ፈንገስን መፍራት ይጀምራሉ።

በነገራችን ላይ፣ የደም ውጤት ወረቀት ይዛችሁ የምትደነግጡ አላችሁ። ከእኛ ሰው ብዙው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሲዲ4 የሚባለው ሌላ የነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ከአውሮፓውያን አማካይ ዝቅ ይላል። በጥናት በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የታተመው «መደበኛ መጠን» ሁሌም ለእኛ የተለካ አይደለም። አብሽሩ፤ ትርጉሙን ግን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ።

ይህን ሁሉ ማን ደረሰበት?

ብዙ ሰው ነው። ሁለቱን ግን ላንሳ፣ ሁለቱም ፈንገስን ይዘው ስለተነሱ። በ1884 የሩሲያው ተመራማሪ ኤልያ ሜችኒኮፍ የውሃ ቁንጫ ስለምትባል ትንሽ የውሃ እንስሳ ጻፈ። ሰውነቷ እንደ መስታወት ያሳያል፤ ውስጧ የሚሆነው ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ፈንገስ የመርፌ ቅርጽ ያለው ዘር አለው፤ ስትውጠው አንጀቷን ወግቶ ይወጣል። ሜችኒኮፍ የቁንጫዋ ሴሎች መርፌውን ከበው ሲበሉት አየ። ከበሉት ትድናለች፤ ካቃታቸው ትሞታለች። በላተኛ ሴሎች ሰውነትን ይጠብቃሉ የሚለው ሐሳብ ትልቅ ማስረጃ ያገኘው እዚህ ነው። በ1908 ከጀርመናዊው ተመራማሪ ከፓውል ኤርሊሽ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ሁለተኛው የዝንብ ነገር ነው። በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ የተመራማሪው ዡል ሆፍማን ቡድን ቶል የሚባለው፣ ለመከላከያ የሚያስፈልገው ጂን የተበላሸባቸውን ትንንሽ ዝንቦች አጠና። ዝንቦቹ በአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ አለቁ። ሬሳቸው ላይ ሻጋታ በቅሎ የሚያሳየው ፎቶ በሙያው ሰው ዘንድ ዝነኛ ነው። እኛም የቶል ዘመዶች ሴሎቻችን ላይ አሉን። ሆፍማን በ2011 ከኖቤል ተሸላሚዎቹ አንዱ ሆነ።

በየዓመቱ በውቂያ ሰሞን ትኩሳትና ሳል ይይዘኛል። ሻጋታው ሳንባዬ ላይ በቅሎ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። መከላከያው ከመጠን በላይ ተቆጥቶ ነው። የሻገተ ገለባ ወይም ድርቆሽ ሲራገፍ በአንድ ጊዜ እልፍ አእላፍ ዘር ይሳባል። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ቀን አውድማ የዋለ ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል። «ምች መታኝ» ይላል። ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይለቀዋል፤ ምስጋናው ለዳማከሴው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ያሻለው ከአውድማው መራቁ ነው።

ዓለም «የገበሬ ሳንባ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሱት ሙቀት የሚወዱ፣ ክር የሚሠሩ፣ ፈንገስ የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፈንገሶችም ያመጡታል። በየዓመቱ እየተመላለሰ ከመጣ ሳንባው ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ጠባሳው አይመለስም።

አስም ያለበት ሰው ሌላ ነው። አስፐርጊለሱ ወፍራም አክታው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥጋ ሳይወጋ፣ አለርጂውን ብቻ እያቀጣጠለ ሊኖር ይችላል። አስሙ በመድኃኒት እምቢ ያለውና ቡናማ ጓል አክታ የሚያወጣ ሰው ይህን ለሐኪሙ ያንሳ።

ቲቢ ታክሜ ድኜ ነበር። አሁን እንደገና ደም እተፋለሁ። ቲቢው ተመልሶ ነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ስኒዬን አስቀምጣለሁ። ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበትም ቲቢ ነው። ግን ሌላም አለ።

ቲቢ ሳንባ ላይ ጉድጓድ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ጉድጓዱ የሞተ ቦታ ነው። ፀጉሮቹ የሉም፤ የሚገፋ የለም። ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ኒውትሮፊሎቹ የሚመጡበት መንገድ የለም። የቀረው ሰውነት ጤነኛ ሆኖ ሳለ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ዘበኛ የለም። ዘሩ ይገባል፣ ይበቅላል፣ ክሩ ተጠቅልሎ ኳስ ይሆናል። ኤክስሬይ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ ክብ ነገር ሆኖ ይታያል። በላዩ ጨረቃ የመሰለች የአየር ክፍተት ትታያለች። የታማሚው አተኛኘት ሲቀየር ኳሱም አብሮ ሊንከባለል ይችላል። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያሉ የደም ሥሮች ሲቀደዱ ደም ይመጣል።

ክፋቱ ምልክቱ ከቲቢ ጋር መመሳሰሉ ነው። ለወራት ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም። አንድ የሥጋ ዘመዴ እንዲህ ሆኖ ነበር። ሦስት ጊዜ አክታ ሰጠ፤ ጂንኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽንም ታየ። ሁሉም ነጻ ወጣ። ሆኖም የቲቢ መድኃኒት እንደገና ተጀመረለት፤ የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ወራት አለፈ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም የድሮውንና የአዲሱን ኤክስሬይ ጎን ለጎን መብራት ላይ ሰቅሎ ዝም ብሎ አየ። «ይኼ እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለ። ነገሩ የተፈታው በዚያች ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የድሮ ኤክስሬያችሁን አትጣሉ። ፍራሽ ሥር ቢሆንም አስቀምጡት። አክታው በተደጋጋሚ ከቲቢ ነጻ ከሆነና ሳሉ ከሦስት ወር ካለፈ «ፈንገስ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለአስፐርጊለስ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል በደም ይለካል። እንደ ኢትራኮናዞል ያሉ መድኃኒቶች ለወራት ይሰጣሉ። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ደሙ ብዙ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ለምን ይበረታል?

ማክሮፌጅና ኒውትሮፊል ወታደር ናቸው። ሲዲ4 የሚባሉት ሴሎች አዛዥ ናቸው። ኤችአይቪ የሚገድለው አዛዡን ነው። ወታደሩ አለ፣ ትእዛዝ የለም። ማክሮፌጁ ይውጣል፤ የዋጠውን ለመግደል የሚያበረታው ግን ያጣል።

ሲዲ4 በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 በታች ሲወርድ ኒውሞሲስቲስ የሚባለው ፈንገስ ከረጢቶቹን ይሞላል። በ1981 ኤድስን ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶች ላይ ታየ። ኮትሪሞክሳዞል ለምን በየቀኑ እንደሚሰጣችሁ የምትጠይቁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ100 በታች ሲወርድ ደግሞ ክሪፕቶኮከስ ይበረታል። እርግብ ኩስ ያለበት አፈር ይወዳል። በሳንባ ገብቶ፣ ወፍራም ካባ ለብሶ ከመዋጥ ያመልጣል። ዓመታት ሊያደፍጥም ይችላል። ከዚያ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳል። የማይለቅ ራስ ምታት ካለ ዝም አይባልም። የኤችአይቪ መድኃኒት በትክክል የሚወስድ ሰው አዛዦቹ ይመለሱለታል።

ስኳር አለብኝ። እኔስ?

ስኳሩ በደንብ ከተያዘ ብዙ አያስጨንቅም። ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ በተለይ ደሙ አሲድ ሲሆን፣ ኒውትሮፊሎቹ ይደነዝዛሉ። ብረትም ከማከማቻው ስለሚለቀቅ ሙኮር የሚባሉት ሻጋታዎች ይደሰታሉ። በ2021 በሕንድ ከኮቪድ ጋር ብዙ ሰው የጨረሰው «ጥቁር ፈንገስ» እነዚህ ናቸው። ስኳር ከስቴሮይድ ጋር፣ ማለትም መከላከያውን ከሚያበርደው መድኃኒት ጋር፣ ሲገናኝ ነበር የከፋው።

ስቴሮይድ ካነሳሁ አይቀር ንዴቴን ልናገር። ዴክሳሜታዞን ለመወፈር ተብሎ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። የሠፈሬ ልጅ ለሠርጓ ፊቷ እንዲሞላ ለወራት ዋጠችው። የሸጠላት ሰው ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። ፊቷ ሞላ። ፊት የሚሞላው ግን ጤና ሆኖ አይደለም። ይህ መድኃኒት ማክሮፌጁ የዋጠውን ዘር እንዳይገድል እጁን ያስረዋል። በሐኪም ለታዘዘለት ሰው ሕይወት ያድናል፤ እሱ በራሱ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥ የለበትም። ያለ ምክንያት የሚወስደው ግን በሩን በእጁ እየከፈተ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደም ሰው ለማቆም ሐኪም ያማክር፤ በአንዴ መጣሉ ራሱ አደጋ አለው።

የሻገተ እንጀራ ብበላ ሳንባዬ ይታመማል?

በመብላት የሳንባ ፈንገስ አይያዝም። መንገዱ ትንፋሽ ነው። ይህ ማለት ግን ፍቆ መብላት ልክ ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ሻጋታ፣ ለምሳሌ አስፐርጊለስ ፍላቨስ፣ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። በማሽላ፣ በበቆሎና በለውዝ ላይ ይበዛል። ማብሰል በደንብ አያጠፋውም። የሻገተውን ቡፍ ብላችሁ ማራገፍም ይቅር፤ ዘሩ የሚበተነው ፊታችሁ ላይ ነው።

አሞክሳሲሊን ወሰድኩ። ለምን አልተሻለኝም?

አንቲባዮቲክ ለባክቴሪያ ነው። ፈንገስን አይነካውም። እንዲያውም ፔኒሲሊን ራሱ ከሻጋታ የተገኘ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የእሱ ዘመድ ነው። ሻጋታን በሻጋታ መሣሪያ ማስፈራራት አይሆንም። የፈንገስ ሴል ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሴል ይቀርባል። እሱን መትቶ እኛን የማይጎዳ መድኃኒት ማግኘት የከበደው ለዚህ ነው።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ማር? የዕጣን ጭስስ?

ብሉት፣ ይጣፍጣል። ነጭ ሽንኩርት ላቦራቶሪ ውስጥ የፈንገስ እድገት ይገታል። ሳህን ላይ የሠራ ግን ሳንባ ከረጢት ድረስ በበቂ መጠን ይደርሳል ማለት አይደለም። ጭሱን በተመለከተ፣ ቡናው ያለ ዕጣን እንደማይሞቅ አውቃለሁ፣ እኔም ወሎዬ ነኝ። መስኮት ይከፈት። አስም ያለበት ሰው ከረከቦቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጭስ የሳንባ ሻጋታ አይገድልም፤ ጥቃቅኖቹን ፀጉሮች ግን ያደክማል።

ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

አስፐርጊለስ፣ ሙኮርና ክሪፕቶኮከስ በሳል አይተላለፉም። ኒውሞሲስቲስ ግን ከሰው ወደ ሰው በአየር ይሻገራል። ሳሉ ቲቢ አለመሆኑ እስኪታወቅ ደግሞ አፍ መሸፈን ነው።

ክትባት የለውም?

እስካሁን ለሰው የተፈቀደ የፈንገስ ክትባት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቅድሚያ የሚሰጣቸውን 19 ፈንገሶች ዘርዝሯል፤ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስና ክሪፕቶኮከስ ከላይኛው እርከን ላይ ናቸው።

ስንወቃና ማሽላ ከጉድጓድ ስናወጣ ምን እናድርግ?

ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ መቆም። ይህን አባቶቻችን ያውቁታል፣ ልጆች ግን ይረሱታል። የሻገተ ገለባ ከማራገፍ በፊት ውሃ አርከፍከፍ ማድረግ። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫ ላይ ማሰር ትልልቁን ብናኝ ይይዛል፤ 3 ማይክሮሜትሩን ግን አይዝም። ኤን95 የሚባለው ጭንብል ይሻላል፣ ፊት ላይ ከገጠመ። ሴቶች በሰፌድ ሲያበጥሩ ቢቻል ደጅ ይሁን፤ ሕፃን በጀርባ ታዝሎ ባይሆን። እህሉ ሳይደርቅ አይከተት፤ ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው አይገባም። ይህ ከሻጋታው በላይ ነው። እህሉና ሻጋታው ሲተነፍሱ ከርመው ጉድጓዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞሉታል፤ ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በደንብ ይናፈስ። የወደቀ ሰው ለማውጣት ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ ያመጣል።

ቲቢ ታክመው ሳንባቸው ላይ ጉድጓድ የቀረባቸው፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያሉ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ ሲዲ4 የወረደባቸው፣ አስም ያለባቸው ሰዎች ግን በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ይያዙ። ምሳ ማድረስም ሥራ ነው።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልበል?

«ሳል» ብላችሁ አትቁሙ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በፊት የት እንደዋላችሁ፣ አውድማ፣ በረት፣ ጉድጓድ። ቲቢ ታክማችሁ እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት። የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ፣ ለመወፈር የተገዛውንም ሳይቀር። ሲጠየቁ የሚያፍሩበት እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ሐኪሙ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የሚመስለኝ እሱን ነው። ኤክስሬያችሁን በእጃችሁ ያዙ። አክታ ስትሰጡ ምራቅ አይሁን፤ ጠዋት፣ ከደረት በጥልቁ ስላችሁ ያወጣችሁት ይሁን። ምራቅ ከመጣ መልሼ እልካችኋለሁ።